የእድሩን ቤንዚን የለወጥኩት እኔ ነኝ

በ1973 ዓ.ም. ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። የምጽፈው ነገር የዚያን ዓመት ነው፤ እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሟች ባለቤቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። እሳቸው ሌላውን ጉዴን ሁሉ ያውቃሉ፤ መጠጤን ያውቃሉ፣ ክፉ አፌን ያውቃሉ። ይህችን ግን በተናዘዝኩ ቁጥር ዘልያት አልፋለሁ። ስለዚህ እናንተ የምታነቡት ስሙኝ። ፍቱኝ አልላችሁም፤ ስሙኝ ብቻ።

ጽሕፈቴ ደካማ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሳነቴ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ግሪስ ባልለቀቀው እጄ ነው። ነገር ማሳመር አላውቅበትም። እኔ የማውቀው መኪና ነው።

ለምን ዛሬ ተናገርክ ብትሉኝ ተናድጄ ነው። በቀደም ገርጂ አንድ ጋራዥ ጎራ ብዬ ነበር፤ ያረጀ መካኒክ ቤቱ መቀመጥ አይሆንለትም። ወጣቶቹ አንዲት እንደ ጥይት የምትሮጥ መኪና ኮፈኗን ከፍተው ከበዋታል። ኮምፒውተር ሰክተውባታል። ቤንዚን ብትቀዳባት፣ ኢታኖል ብትቀዳባት፣ ሁለቱን ብትደባልቅባት ራሷ ለይታ ታውቃለች አሉኝ። ኢታኖል ማለት ያው አልኮል ነው፤ አረቄ በሉት። «አባባ፣ ይሄን ነገር በአገራችን የጀመርነው እኛ ነን» አለኝ አንደኛው። ደሜ ፈላ። እናንተ ሳትወለዱ እኔ ሠርቼዋለሁ ልለው አፌን ከፈትኩ። ወዲያው ምን ብሎ እንደሚጠይቀኝ ገባኝ። መካኒክ ነዋ! «ታዲያ ጠዋት በብርድ በምን ታስነሳት ነበር?» ይለኛል። አፌን ዘጋሁ። ያቀረቡልኝን ሻይ እንኳ ሳልጨርስ ወጣሁ።

ጠዋት በምን አስነሳት ነበር? ኃጢአቴ ያለው እዚያች ጥያቄ ውስጥ ነው። እመጣበታለሁ።

መኪናዋ ቀይ ነበረች። ጣሊያን ሠራሽ፣ ሁለት በር፣ ሁለት ካርቡሬተር ያላት፣ ዱሮ ውድድር የምትገባ። ባለቤቷ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ጣሊያን ነበር። አብዮቱ መጥቶ ወርክሾፑ ሲወረስበት አገር ለቆ ሄደ፤ ሲሄድ ቁልፏን እጄ ላይ ጣለልኝ። «ጌታነህ፣ እንዳታሳፍራት» አለኝ። ጌታነህ እኔ ነኝ። ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ጀርባ የቆርቆሮ ጋራዥ ነበረችኝ፤ እዚያ አስገባኋት።

እንዳታሳፍራት ይበለኝ እንጂ በምን ልንዳት? ቤንዚን በኩፖን ነው። ለቤት መኪና የሚሰጠው ጉሮሮዋን አያርስም። የቦሌ መንገድ ደግሞ ባዶውን ተዘርግቷል፤ ከከተማው እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ አንድ የመንግሥት መኪና ሽው ካለ በኋላ እግረኛ ብቻ ነው። ያንን መንገድ እያየሁ እኔ የቆመች መኪና በጨርቅ እወለውላለሁ። ሰው ፈረስ ኖሮት ሣር ሲያጣ እንዴት ይሆናል? ስነሳም ተናድጄ ነው፣ ስተኛም ተናድጄ ነው። ባለቤቴን በሆነ ባልሆነው እቆጣለሁ። ደንበኛ መኪናውን ሊያሠራ ሲመጣ ቤንዚን ያለው መሆኑ ብቻ ያናድደኛል።

አንድ ቀን የካርቡሬተር ዕቃ የማጥብበት ቤንዚን አጣሁና ከምጠጣው ዳግም አረቄ ላይ አፍስሼ አጠብኩበት። ዳግም ማለት ሁለቴ የወጣው፣ ጠንካራው ነው። ከዚያ የጠረግኩበትን ጨርቅ ለኮስኩት። ሰማያዊ ሆኖ ነደደ። እዚያ ላይ ሰይጣን ያዘኝ። ሰይጣን ማለቴስ ምን ይሠራል? ማንም አልያዘኝም። እኔው ነኝ የያዝኩት።

አረቄውን የሚሸጡልኝ እትዬ ሽታዬ የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ ጎሮ። ጎሮ ያኔ የጤፍ ማሳና ባሕር ዛፍ ነው። በእግሬ ሄጄ፣ ሦስተኛ ጊዜ እንዲያወጡልኝ ለመንኳቸው።

«ሦስቴ? ጉሮሮህ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ።

«ለእኔ አይደለም እትዬ። ለመኪና ነው።»

የያዙትን እንጨት ጥለው ሳቁብኝ። «ሰው እህል አጥቶ አንተ ብረት ልታሰክር! ደግሞስ ስትሰክር ማን ይደግፋታል? አንተ እንደሁ ራስህ ደጋፊ ትሻለህ።»

«አትሰክርም፤ ትሮጣለች።»

«እሱንማ አንተም ስትጠጣ ትሮጣለህ፤ ቤትህን ማግኘቱ ነው ጭንቁ!»

ይሳቁ እንጂ አወጡልኝ። ወስጄ ከቤንዚን ጋር በጠርሙስ ደባለቅኩት። አልዋሃድ አለ፤ ቤንዚኑ ከላይ፣ አረቄው ከታች፣ እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት ጀርባ ሰጥተው ተኙ። ውሃው ነው። አረቄ ውስጥ ውሃ ካለ ቤንዚን አይቀበለውም። ውሃውን ለማውጣት ስታገል ሰነበትኩ። በመጨረሻ ከአንድ ሕንፃ ሥራ ላይ ውሃ ያልነካው ኖራ ለምኜ አመጣሁ፤ አረቄው ውስጥ ስጨምረው ፍሽሽ ብሎ ሞቀ፤ ውሃውን ጠጣው። እትዬ ሽታዬ እንደገና አወጡልኝ። አሁን ከቤንዚኑ ጋር አንድ ሆነ፤ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ ባዞረው መስመር የለውም። ብቻዬን እንደ ሕፃን ዘለልኩ።

ሌላው የእጅ ሥራ ነው። አልኮል ከቤንዚን ይልቅ ብዙ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍባቸውን የናስ ቀዳዳዎች አሰፋኋቸው። ሲሰፉ ለቤንዚን አይሆኑም፣ ሲጠቡ ለአልኮል አይሆኑም፤ ስንቱን ናስ አበላሽቼ እንደ ጣልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የጎማ ቱቦው በአልኮል እያበጠ ሲቀደድ በመዳብ ለወጥኩት። የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አስላጭቼ ሞተሩ አጥብቆ እንዲጨምቅ አደረግኩ፤ አልኮል ሲጨመቅ ነው ጉልበቱ።

ያኔ እሁድ መኪና የሚነዳው በታርጋ ቁጥር ተራ ነው፤ አንድ እሁድ ተራዬ ሲደርስ ቦሌ መንገድ ላይ አወጣኋት። ምን ልበላችሁ? በቤንዚን እንደዚያ ሮጣ አታውቅም። ፊቴ ላይ ያለው መንገድ ወደ እኔ የሚመጣ መሰለኝ። አውሮፕላን ማረፊያው ጋ ስደርስ እንባዬ መጥቶ ነበር። ለማንም ግን አልተናገርኩም። ሕዝብ እህል አጥቶ በሰልፍ በሚውልበት ጊዜ አንድ መካኒክ የእህል አረቄ መኪና ውስጥ ያቃጥላል ቢባል ቀበሌ ምን እንደሚያደርገኝ አውቃለሁ። ከጭስ ማውጫዋ አረቄ አረቄ ይሸት ነበር። ሰው ግን የሚሸተው እኔን ስለሚመስለው «ጌታነህ ደግሞ ጀመረው» ብሎ ያልፋል። መጠጤ ጠቀመኝ።

አሁን ወደ ጥያቄዋ ልምጣ። ጠዋት አትነሳም። አልኮል ብርድ አይወድም። ሞቅ ካለች እሳት ናት፤ ከቀዘቀዘች ግን ካንዴላው እሳት ቢተኩስም አልኮሉ አይቀጣጠልም። ክረምቱን እንደምንም እየታገልኩ አሳለፍኩት። ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ማለዳው አጥንት የሚሰብር ሲሆን፣ ጭራሽ እምቢ አለችኝ። መፍትሔው አንድ ነው፤ ንጹህ ቤንዚን። ኮፈኗ ሥር ትንሽ ጣሳ አሰርኩላት፤ በጣሳው ቤንዚን አስነስቼ፣ ሲሞቅላት ወደ አልኮሉ አዞራለሁ። ብልሃቱ ሠራ። የኩፖኔን ቤንዚን ግን ድብልቁ ይበላዋል። ለጣሳዋ የሚሆነው ከየት ይምጣ?

የእድራችን ጀሪካን ነበር።

ሰዓት እላፊ በነበረበት በዚያ ጊዜ ሌሊት የታመመ ሰው መንገዱ እስኪከፈት ይጠብቃል። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ታክሲው ቤንዚን የለውም። እናም የሰፈሩ እድር መከረና፣ መኪና ያለን አባሎች ሁሉ ከኩፖናችን ትንሽ ትንሽ እየቀነስን አንድ ጀሪካን ንጹህ ቤንዚን ሞላን። ለታመመና ከሆስፒታል አስከሬን ለማምጣት ብቻ ነው። የተቀመጠው በእድሩ ዕቃ ቤት፣ ከድንኳኑና ከድስቶቹ ጋር ነው። ቤንዚን ማከማቸት ሻጥር ስለሚባል ቀበሌ እንዳይሰማ ተማምለን ነበር።

የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው ጋሽ ሽኩር ጋ ነው። ጋሽ ሽኩር ከስልጤ አገር የመጣ ባለ ሱቅ ነው፤ ሱቁ ከጋራዤ ፊት ለፊት፣ ከእኔ ትንሽ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ዝም ያለ ሰው። እስላም ይሁን እንጂ የክርስቲያን ለቅሶ ላይ ድንኳን ሲተከል ካስማ የሚመታው ከሁላችን ቀድሞ እሱ ነው። አረቄ በቤቱም በሱቁም ገብቶ አያውቅም። አንዴ ሰክሬ ሱቁ ደጃፍ ላይ ስወድቅ ደግፎ ቤቴ አድርሶኝ፣ በማግስቱ አንዲት ቃል አልተናገረኝም። እንደዚህ ያለ ሰው ነው።

ቤንዚን ሲቆይ ስለሚበላሽ፣ የቆየውን አውጥቼ በአዲስ መለወጥ የእኔ የመካኒኩ ሥራ ነበር። ቁልፉን ስጠይቀው ሚዛኑን እንኳ ሳይለቅ «ይኸው ጌታነህ» ብሎ በባንኮኒው ላይ ያንሸራትትልኛል። ተከትሎኝ ገብቶ አያውቅም።

መጀመሪያ የወሰድኩት አንድ ጠርሙስ ነው። በቦታው አንድ ጠርሙስ አልኮል ጨመርኩ። ማን ይጎዳል አልኩ፤ የእኔ መኪና በዚሁ እየሮጠች አይደለም ወይ? ከዚያ ሁለተኛ ጠርሙስ። ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ኖራው ሲያልቅብኝ ደግሞ ውሃው በደንብ ያልወጣለትን ጨመርኩበት። ታኅሣሥ ሲገባ ጀሪካኑ ክዳኑን ሲከፍቱት ቤንዚን ይሸታል፤ ከሥሩ ያለው ግን የእትዬ ሽታዬ አረቄ ነው።

አላወቅኩም ነበር ልበል? ስንት ዓመት እንደዚህ ስል ኖርኩ። አላወቅኩም፣ ወጣት ነበርኩ፣ ሳይንሱ አልገባኝም ነበር። ውሸት ነው! ያን ቤንዚን የሰረቅኩት አልኮል በብርድ ስለማያስነሳ አይደለም ወይ? ሰው ታሞ በማለዳ ታክሲ ሲነሳ ብርድ እንደሆነስ አላውቅም? የሰፈራችን ባለ ታክሲ የማሞ ካርቡሬተር እንዳልሰፋስ አላውቅም? ራሴ ነኝ የምሠራለት! እኔ ለምን እንደ ሰረቅኩት፣ እነሱም ለምን እንዳስቀመጡት፣ ምክንያቱ አንድ ነው። ይህንን ዛሬ ስጽፈው እንኳ በራሴ እናደዳለሁ።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ማለዳ ጎረቤታችን እማማ ብርቄ ትንፋሽ አጠራቸው። ሌሊቱን በአስማቸው ሲታገሉ አድረው ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ልጃቸው እየጮኸች ወጣች። የማሞ ታክሲ ቤንዚን አልነበረውም፤ ጋሽ ሽኩር ጀሪካኑን ራሱ ተሸክሞ አመጣ። ቀዱበት። ማሞ ቁልፉን አዞረ። ታክሲዋ አጓራች፣ አልተነሳችም። እንደገና። እንደገና። ባትሪው ደከመ።

እኔም ወጥቼ እዚያ ነበርኩ። ስሙኝ እንግዲህ። ከኋላ ሆኜ ከሰዎቹ ጋር ታክሲውን ገፋሁ። እንደማትነሳ እያወቅኩ ገፋሁ። ሣሩ ውርጭ ለብሷል፣ እማማ ብርቄ የኋላው ወንበር ላይ በነጠላ ተጠቅልለው እንደ ወናፍ ይተነፍሳሉ።

ማሞ ከወንበሩ ዘሎ ወረደና ያዘኝ። «ጌታነህ፣ ያቺ ቀይዋስ? ያቺን አውጣልን!»

ቀይዋ ጋራዥ ውስጥ ናት። ጣሳዋ ውስጥ ንጹህ ቤንዚን አለ፤ የእድሩ ቤንዚን። ትነሳለች። በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ግን ካስነሳኋት ቤንዚኑን ከየት አመጣህ ይሉኛል፤ ኮፈኗን ቢከፍቱ ጣሳዋን ያያሉ።

«ተፈታታለች» አልኩ። «ሞተሯ መሬት ላይ ነው።»

እንዲህ ነው ያልኩት። የሰው ትንፋሽ እየሰማሁ።

እማማ ብርቄን በእድሩ አግዳሚ ላይ አስተኝተው በትከሻቸው ተሸክመው ወደ አስፋልቱ ሮጡ። ከአንድ ጫፍ የያዘው ጋሽ ሽኩር ነበር። ዳቦ የሚያድል መኪና አግኝተው ጫኗቸው። ተረፉ፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ስለተረፉ ግን እኔ ምን አደረግኩላቸው? ያተረፋቸው የዳቦው መኪና ሾፌር ነው።

ማሞ ሲመለስ የታክሲውን ነዳጅ በጣሳ ቀዳና መሬት ላይ አፈሰሰው። ጎንበስ ብሎ አሸተተ። «ጎበዝ!» ብሎ ጮኸ። «ይሄ እኮ አረቄ ነው!»

ሁሉም ዞሮ ያየው ቁልፍ ያለውን ሰው ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። ለቀበሌ እንዳይሰማ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው። ለዚህም ነው ነገሩ ሳይጣራ የቀረው፤ ማንም ጠበቅ አድርጎ መጠየቅ አልፈለገም። የእድሩ ዳኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ቶሎ እንዲያልቅ ብቻ ነው የፈለጉት።

«ሽኩር፣ ቁልፉ ከእጅህ ወጥቷል?» አሉት።

«ለጌታነህ ብቻ ነው የምሰጠው፤ ለመለወጥ ሲመጣ።»

አንዳንዱ ወደ እኔ ዞረ። ማሞም አየኝ። ያን ጊዜ ከኋላ አንዱ ቀልደኛ «ጌታነህ አረቄ ቢያገኝ ለጀሪካን ያተርፋል?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳኛውም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። በዚያች ሳቅ ዳንኩ።

«እስላም ሰው ግን አረቄ ምን ያደርግለታል?» ያለ አንድ ሰው ነበር፤ እግዜር ይባርከው።

«ነጋዴ የሚሸጠውን መቼ ይጠጣል!» ብለው ዘጉት። «በጎን ቤንዚኑን ሸጦ ይሆናላ፤ በአረቄ ሞላው።»

ጋሽ ሽኩር ከመቀመጫው ተነሳ። «ወላሂ አልነካሁትም» አለ። «አረቄ በእጄ ነክቼ አላውቅም። በቁርዓን እምላለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ሲዞር ፊቱ ላይ ጥርጣሬ አልነበረም፤ ምስክር ያገኘ ሰው ፊት ነው። «ጌታነህ፣ አንተ ተናገር እንጂ። ስትለውጠው አይተኸዋል። ንጹህ ነበር አይደለም?»

ምን አልኩ?

«እኔ ስለውጠው ንጹህ ነበር» አልኩ።

አያችኋት ይህችን ቃል? እሱ የጠየቀኝን ነው የመለስኩለት። እንደ ጓደኛ የመሰከርኩለት መሰለው፤ «ይኸው!» አለ ለሰዎቹ። ሌላው ሰው ግን ወዲያው ገባው፤ እኔ ስለውጠው ንጹህ ከነበረ፣ ከዚያ በኋላ ዕቃ ቤቱን የሚከፍተው ማን ነው? እሱ ብቻ ነው። ጋሽ ሽኩር ቃሌ እሱን እንዳሰረችው የገባው ቆይቶ ነው። ሲገባው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እኔ ስለውጠው ንጹህ ነበር። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ እንደዚህች አሳምሬ የተናገርኳት የለችም።

ከእድሩ ይውጣ የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። እጅ ወጣ። እኔም እጄን አወጣሁ። ባላወጣስ ማን ያየኝ ነበር? ዝም ብል ይበቃኝ ነበር። አወጣሁ። ከጥፍሩ ግሪስ ያልለቀቀውን ይህንኑ እጅ።

ከእድር መውጣት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልናገር። ሰው አይደለህም ማለት ነው። ከሰፈሩ አፈር አብሮ የሚያለብስህ የለም ማለት ነው። ጥቂት ቆይቶ የጋሽ ሽኩር እናት እሱ ቤት አረፉ። ዘመዶቹ ከመርካቶ መጥተው ቀበሯቸው። ከጎረቤቱ አንድ ሁለት ሰው ብቅ ብሎ ሄደ። ድንኳን አልተተከለም፤ ለቀስተኛ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ለዚህ ሁሉ ክርስቲያን ካስማ የመታ ሰው! ድንኳኑ የት ነበር? እኔ በቆለፍኩት ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። አዎ፣ እኔ በቆለፍኩት። በዚያው እሁድ፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ከወጣ በኋላ፣ ዳኛው «ቁልፉ ለታመነ ሰው ይሰጥ» አሉና ለእኔ ሰጡኝ። «አልፈልግም» አላልኩም።

በኋላ ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። መሞቱን የሰማሁት ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ከአንድ የስልጤ ልጅ አፍ፣ ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ነው። ልጆች አሉት ይባላል። ልፈልጋቸው ብዬ ስንቴ ተነስቼ ስንቴ እንደ ተቀመጥኩ አትጠይቁኝ። ቀይዋን በዚያው ዓመት ፈታትቼ ዕቃዋን በተንኩት። እሱን ለቅጣት አትቁጠሩልኝ፤ ብረት ነው።

ይቅርታ የማልጠይቀው ኩራት ይዞኝ አይደለም። የሚሰጠኝ ሰው ነው የሌለው። እናንተ ልትሰጡኝ አትችሉም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ደርግ ነው፣ ጊዜው ነው፣ ኩፖኑ ነው አልልም። ኩፖኑ ያስቸገረው እኔን ብቻ ነው እንዴ? ጋሽ ሽኩርም በዚያው ጊዜ ኖሯል፤ ጀሪካኑን ከፍቶ ማየት ቀርቶ ክዳኑን እንኳ ነክቶት አያውቅም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱን ተናግሬ ላብቃ። ያ ስብሰባ በሆነ በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ በአዲሱ ቁልፌ ዕቃ ቤቱን ከፈትኩ። ጀሪካኑ ገና አረቄ ይሸታል። አባሎቹ አዲስ ቤንዚን ሊሞሉበት ነው፤ መታጠብ አለበት። ሳሙና በቤቴ የለም፤ የቀበሌ ሱቅ ሳሙና ገና አልመጣም። መንገዱን ተሻግሬ ጋሽ ሽኩር ሱቅ ሄድኩ።

ከፍቶ ነበር። ባንኮኒውን በጨርቅ ይወለውላል። ቀና ብሎ አየኝና «እንዴት አደርክ» አለኝ፤ እንደ ሌላው ቀን።

«ሳሙና ይገኛል ጋሽ ሽኩር?»

«ለምንህ?»

«ለጀሪካኑ።»

ጨርቁን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ከባንኮኒው ሥር ለቤቱ ያስቀመጠውን የልብስ ሳሙና ቁራጭ አወጣ። በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ።

«በፍል ውሃ እጠበው» አለኝ። «ደጋግመህ አለቅልቀው። ከዚያ አፍንጫህን አስገብተህ አሽትተው፤ ሽታ እንዳይቀርበት። ቁልፉ አሁን አንተ ጋ ነው ጌታነህ። ሰው ክፉ ነው፤ ነገ ደግሞ አንተን ይሉሃል።»

እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ሳሙናውን ተቀብዬ ተሻገርኩ። ውሃ ጣድኩ፤ ሲፈላ ጀሪካኑን እንዳለኝ አድርጌ አጠብኩት።